ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር፦ በአየር፣ በውሃና በመኪና

ጎንደር ከባሕር ዳር ስንት ይርቃል? ይህን ለሦስት ሰዎች ብትጠይቁ ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። ሾፌሩ «180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው» ይላችኋል። የአይሮፕላን አብራሪው «102 ኪሎ ሜትር ያህል ነው» ይላችኋል። በጣና ላይ በጀልባ ሲመላለስ የኖረ ሽማግሌ ደግሞ «ኧረ የሁለት ቀን መንገድ ነው» ይላችኋል። ሦስቱም አልዋሹም።

አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ነው። ደህና እግር ያለው ሰው በሜዳ ላይ በአንድ ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በቀን 6 ሰዓት ቢሄድ 30 ኪሎ ሜትር ይሆንለታል። እንግዲህ 180ን ለ30 አካፍሉት። 6 ይመጣል። የመኪናውን መንገድ በእግር ለመጨረስ 6 ቀን ይፈጃል ማለት ነው። የድሮ ሲራራ ነጋዴ የሚያውቀው ርቀት ይኸ ነበር።

የሾፌሩና የአብራሪው ቁጥር የተለያየው በጣና ሐይቅ ምክንያት ነው። ጣና ከደቡብ ወደ ሰሜን 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወርዱም 66 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻው ላይ ናት። ጎንደር ደግሞ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ከፍ ብላ ትገኛለች። በእናንተና በጎረቤታችሁ ቤት መካከል የተዘራ ማሳ ቢኖር ምን ታደርጋላችሁ? በዳር በዳሩ ትዞራላችሁ እንጂ ሰብሉን አትረግጡም። ወፍ ግን በላዩ ትሻገራለች። መኪናው እንደ እናንተ ይዞራል፣ አይሮፕላኑም እንደ ወፏ ይሻገራል።

ይህን እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከአጎቴ ጋር አይሮፕላን አምልጦኝ ነው።

ነገሩ በ1999 ዓ.ም. ነው። አጎቴ ከአዴት ወዲያ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት 40 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እጃቸው የገባውን ሁሉ ያነባሉ። የስኳር ከረጢት ያነባሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ያነባሉ፣ ገበያ ውስጥ በግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ቆመው ይጨርሳሉ። ታዲያ በዚያ ዓመት ግራ ዓይናቸው በሞራ ተጋረደ። ቀኙም መድከም ጀመረ። «መሬቱንስ በዳበሳ አርሰዋለሁ፤ ፊደሉን ግን በዳበሳ አላነበውም» ይሉ ነበር። ጎንደር የምትኖረው እህቴ ይህን ሰምታ እዚያ ካለ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዘችላቸው። ቀጠሮው ዓርብ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። እግረ መንገዷንም «አጎቴ በአቧራና በፀሐይ አይንገላቱ» ብላ የአይሮፕላን መሳፈሪያ ገንዘብ ላከች።

ቲኬቱን ገዛሁና ማታ ቤት ይዤ ገባሁ። በላዩ ላይ ቀኑ 23 ይላል። ወሩም በፈረንጅ ነው። አጎቴ አዩና «ነገ ኅዳር 14 አይደለም እንዴ? ይኸ 23 ከየት መጣ?» አሉ። የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን፣ የእኛ ኅዳር 14 በእነርሱ ኖቬምበር 23 ላይ እንደሚውል አስረዳኋቸው። ይህን በትክክል ነበር የነገርኳቸው። ደስም አለኝ፤ 12ኛ ክፍል የጨረስኩ ነኛ።

ቀጥለው ጣታቸውን በሌላ ቁጥር ላይ አኖሩ። ቁጥሩ 0830 ይላል።

«ይኸስ?»

«ሰዓቱ ነው ጋሼ። 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ምሳችንን በልተን እንሄዳለን።»

«የማን 8 ሰዓት ተኩል ነው? የኛ ወይስ የፈረንጅ?»

«የኛ ነው እንጂ። አይሮፕላኑ የኛ፣ አገሩም የኛ።»

«እንግዲያ ዜሮው ከፊቱ ለምን መጣ? እኔ የተማርኩት ዜሮ ከኋላ ሲሆን ነው ቁም ነገር ያለው።»

«ዜሮ ምንም ማለት ነው ጋሼ፤ ይተዉት» አልኳቸው።

ዝም አሉ። የተማረ ሰው ተናግሮ ምን ይበሉ?

በማግስቱ ተረጋግተን ምሳችንን በልተን በ6 ሰዓት ተኩል አይሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ሁለት ሰዓት ቀድመን መጣን ብለን ተደስተናል። በር ላይ ያለው ዘበኛ ቲኬቱን አየና ሳቁን ዋጠው። «አባቴ፣ ይኸ አይሮፕላን እኮ ጠዋት በሁለት ተኩል ሄዷል» አለ። ይህን ጊዜ ጎንደር አራግፎ ወደ ሌላ አገር እየበረረ ነበር።

ስለዚህ ስለ ሰዓቱ ቆም ብለን እንነጋገር። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ሰዓት እንላለን። አይሮፕላን ማረፊያ ግን የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ደግሞ እነርሱ ቀንና ሌሊቱን ሳይለዩ እስከ 24 ይቆጥራሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ሁልጊዜ በአራት አኃዝ ይጻፋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰዓት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደቂቃ ናቸው። ሰዓቱ ከ10 በታች ሲሆን ከፊቱ ዜሮ ይገባል። አጎቴ የጠየቁት ዜሮ ይኸ ነው። «ይህ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተቆጠረ ነው» የሚለው ምልክት እሱ ነበር፤ እኔ ነኝ ምንም ያልኩት።

ወደኛ ሰዓት ለመመለስ ከሰዓቱ ላይ 6 ቀንሱ። 0830 ካለ፣ 8 ሲቀነስ 6 ይሆናል 2። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። 1430 ካለ፣ 14 ሲቀነስ 6 ይሆናል 8። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ እኔ የጠበቅሁት አይሮፕላን እንዲህ ተብሎ ነበር የሚጻፈው። ከ18 ከበለጠ 18 ቀንሱ። 2000 ቢል፣ 20 ሲቀነስ 18 ይሆናል 2፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ6 በታች ከሆነ ግን 6 ደምሩበት። 0500 ካለ፣ 5 ሲደመር 6 ይሆናል 11፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብታስቀምጡ አይጎዳችሁም። የሐኪም ቤት ቀጠሮም አንዳንዴ በዚህ አቆጣጠር ይጻፋል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። ቢያልፍ ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ስንት ወር እንደምንቆይ አናውቅም። የአጎቴ ቀኝ ዓይን ደግሞ አይጠብቅም። ቲኬቱ ቅጣት ተከፍሎበት ለሌላ ቀን ተላለፈልን። እኛም እየሮጥን መናኸሪያ ደረስን። አጎቴ አንድም የወቀሳ ቃል አልተነፈሱም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚኒባሱ ሞልቶ የተነሣው በ7 ሰዓት ተኩል ነው። ከከተማው እንደወጣን ዓባይን ተሻገርን። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚያው ባሕር ዳር ጥግ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የምንሻገረው በአሮጌው ድልድይ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመርቋል። ከዚያ መንገዱ ሐይቁን በስተ ግራ እየተወ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ሐይቁ ግን ከመኪና ብዙም አይታይም። የሚታየው የፎገራ ሜዳ ነው።

ፎገራን ያላየ ሰው ሜዳ አየሁ አይበል። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል አፈር ይዘው ወርደው ሜዳውን እያለበሱ ወደ ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲሆን ውሃው ከወንዞቹ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ገበሬውም ይህን ውሃ በሩዝ ይጠቀምበታል። በፎገራ ሩዝ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስፍራው ይበልጥ የሚታወቀው በላሞቹ ነበር። እኛ ስናልፍ ኅዳር ስለሆነ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ደርሷል። አጎቴ በቀኝ ዓይናቸው አዩና «ይኸ ጤፍ ነው ገብስ?» ብለው ጠየቁ። ሩዝ ነው ብትላቸው አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴትዮ አላመኗትም። እሷ የወረታ ሰው ነበረች። እስከ ወረታ ድረስ ስለ ሩዝ አረም ስታስረዳቸው ሄደች፤ የሩዝ አረም እንደ ጤፍ አረም አስቸጋሪ መሆኑን ሲሰሙ ነው ያመኗት።

ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይሄዳል። የግራው የኛ ነው። ሾፌሩ ለሻይ አቆመ። ከዚያ አዲስ ዘመንን አለፍን። ከአዲስ ዘመን ወዲያ ሜዳው ያልቃል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ እየሆነ ወደ ዳገት ይወጣል። እዚያ አካባቢ እንደ ጣት ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የቆመ ትልቅ የድንጋይ ምሰሶ አለ። መንገደኛው ሁሉ በመስኮት ያየዋል። እንፍራዝ፣ ማክሰኝት፣ ጠዳ፣ አዘዞ እያልን ጎንደር የገባነው በ11 ሰዓት ተኩል ነው። አራት ሰዓት ፈጀብን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እህቴ አይሮፕላን ማረፊያ ስትጠብቅ ውላ፣ ተስፋ ቆርጣ ቤቷ ተመልሳ አገኘናት። የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ ሐኪሙ አያቸው። ግራው ዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለ። ለዚህም ሌላ ቀን ተቀጠረላቸው። ታኅሣሥ 5 ቀን ጎንደር ገብተን፣ ታኅሣሥ 6 ቀን ቀዶ ሕክምናው ይደረጋል ተባለ። የተላለፈው ቲኬታችንም በዚያ ቀን እንዲሆን አደረግን። ሰዓቱ ያው 0830 ነው። አሁን ግን አጎቴ ራሳቸው «ስምንት ሲቀነስ ስድስት» እያሉ ከሰፈሩ ልጅ እስከ ቤቱ እመቤት ድረስ ሲያስተምሩ ሰነበቱ።

ታኅሣሥ 5 ቀን በ12 ሰዓት ከቤት ወጣን። የባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ዛሬ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። የጎንደሩ ደግሞ አዘዞ አጠገብ ሲሆን በዐፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። በ12 ሰዓት ተኩል ደርሰን ዕቃችንን አስመዘንን። ተፈተሽን። ከዚያ ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። አጎቴ «ይኸ አይሮፕላን ነው ወይስ ፍርድ ቤት?» አሉ።

አይሮፕላኑ ፎከር 50 የሚባል ነበር። ሁለት ሽክርክሪት ያለው ሲሆን 50 ያህል ሰው ይጭናል። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እየነካካ ይዞር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የነበሩት ዳኮታ የሚባሉ አይሮፕላኖች ናቸው። በእነዚያ ዘመን መንገደኛው በጎንና በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው መሐል ላይ ይታሰር ነበር። የኛ ግን እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ወንበርና የወገብ ቀበቶ ነበረው።

ተነሣን። ፎከር 50 በአየር ላይ በአንድ ሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። 102 ኪሎ ሜትሩን በዚህ ፍጥነት ብንሄደው 12 ደቂቃ ብቻ ነው። የበረርነው ግን 20 ደቂቃ ነው። የቀረው 8 ደቂቃ የት ገባ? አይሮፕላን ገና ሲነሣ ሙሉ ፍጥነቱን አያገኝም፤ እየወጣ ነው። ሊያርፍ ሲልም ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደግሞም የማረፊያው ሜዳ በተዘረጋበት አቅጣጫ ለመግባት ዞሮ ይመጣል። ጎተራ የሚሸከም ሰው ሲያነሣና ሲያወርድ ቀስ እንደሚል ማለት ነው። መንገዱ አጭር ሲሆን መነሣትና ማረፉ ከመብረሩ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ጣና ከሥራችን ተዘረጋ። መስመሩ በሐይቁ ምሥራቃዊ ወገን ላይ ወደ ሰሜን ያልፋል። በግራ በኩል ደቅ ደሴት ይታያል። በጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል፤ ከሁሉም ትልቁ ደቅ ነው። አጎቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፣ ግን ግራ ዓይናቸው ስለ ተጋረደ አንገታቸውን ሙሉ በሙሉ አዙረው በቀኙ ያያሉ። ታንኳ ፈልገው አጡ። ከዚያ ከፍታ የደንገል ታንኳ ከየት ይታያል? እኔ በቀኝ መስኮት አንጋጥጬ አየሁ። የጉማራና የርብ ውሃ ከሐይቁ ሲገናኝ ቀለሙ ተለይቶ ይታያል። ያ በ4 ሰዓት ያለፍነው ሜዳ ሁሉ አንድ ቢጫ ጨርቅ ሆኖ ተነጥፏል። በዚያን ጊዜ እምቦጭ የሚባለው አረም ገና አልታወቀም ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁን አስቸግሯል።

አጎቴ ሐይቁን እያዩ ስለ ጀልባው ነገሩኝ። ድሮ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደሴቶቹ እየቆመ ጎርጎራ የሚደርስ ትልቅ ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሄድ ነበር። ቁንዝላ ያድራል። በማግስቱ ጎርጎራ ይገባል። ወደ ጎንደር ከተማ ለመድረስ ከጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በየብስ ይቀራል። አጎቴ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ሄደውበታል። «ያኔ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ አየሁ። አሁን ሳልጠግበው አለቀ» አሉ።

ወዲያው ጆሯችን ተደፈነ። ወረድን። የጎንደር ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የባሕር ዳሩ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወረድን ብንልም ካሰፈሩን የተነሣንበት ቦታ ዝቅ ያለ ነበር።

ዕቃችንን ተቀበልን። ታክሲ ተከራየን። አዘዞን አልፈን እህቴ ቤት ስንደርስ ሰዓቱ 3 ከ45 ሆኗል። አሁን ቆም ብላችሁ አስሉ። ከቤት የወጣነው በ12 ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጅቶብናል። ሚኒባሱ አራት ሰዓት ነበር የፈጀው። ያተረፍነው 15 ደቂቃ ብቻ ነው! እህቴ የከፈለችውን ገንዘብ ሳስብ አፈርኩ። አጎቴ ግን አቧራ አልነካቸውም፣ ወገባቸውንም አላመማቸውም፤ ለሕመምተኛ ይኸ ቀላል አይደለም። እኔ በበኩሌ ለጤነኛ ሰው በዚህ መንገድ መኪናው ይሻለዋል እላለሁ። ረጅም መንገድ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይበራል። በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሌሊት ተነሥቶ ማታ ነው የሚገባው። እዚያ ላይ የሁለት ሰዓት ጥበቃው ምንም አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ የሌለበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በአይሮፕላን የሚሄድ ሰው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ጎንደር ይወጣል። አንዱ 333፣ ሌላው 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲደመር 753 ይሆናል። 102 ኪሎ ሜትር ለመሻገር 753 ኪሎ ሜትር መብረር ማለት ነው፤ ቀኑ በሙሉ ያልቃል። ይህን የሚያደርግ ማን ነው ትሉ ይሆናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። መንገድ ሲዘጋ ሩቁ ይቀርባል፣ ቅርቡም ይርቃል። ስለዚህ ሕመምተኛ ይዛችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ ሁለቱም ጠይቁ፤ መኪናው ይሄዳል ወይ? በረራው ቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ? ቲኬት የሚቆርጠውንም ሰው «ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ነው?» በሉት። አትፈሩ።

የአጎቴ ዓይን በማግስቱ ተሠራ። በሁለተኛው ቀን ፋሻው ተፈታ። ሐኪሙ ጣቱን እያሳየ «ስንት ነው?» ቢላቸው እሳቸው ከሐኪሙ ጀርባ በግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ።

የተመለስነው በሚኒባስ ነው። አጎቴ በመስኮት በኩል ተቀመጡ። በመንገዱ ዳር የኪሎ ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ባዩ ቁጥር ጮክ ብለው ያነቡልናል። መጀመሪያ ላይ ተሳፋሪው ሳቀ። አዲስ ዘመንን ስናልፍ ግን አንድ ሕፃን ልጅ አብሯቸው መቁጠር ጀመረ። ወረታ ላይ ሾፌሩ ለሻይ ሲያቆም አጎቴ ወርደው አንድ ሱቅ ገቡ። ሦስት ኪሎ ሩዝ ገዝተው፣ ሚዛኑን ራሳቸው አንብበው ተመለሱ።